ጊንጥ በቤት ማሳደግና ማራባት፦ ሳጥኑን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ



ሰሞኑን አንዲት እናት በኢንቦክስ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ። «ዶክተር፣ የ16 ዓመት ልጄ ቲክቶክ ላይ አይቶ ጊንጥ ካላሳደግኩ ብሎ አስቸግሮኛል። ጓደኛው ከአዋሽ በኩል ሁለት ይዞለት ሊመጣ ነው። ትልልቅና ጥቁር ስለሆኑ አይጎዱም ይለኛል። ሲራቡ ደግሞ መርዛቸው በዶላር ይሸጣል አለኝ። ቤት ውስጥ የ3 ዓመት እህቱ አለች። ምን ይመክሩኛል?»

ጥያቄውን ማንበብ ስጀምር ፈገግ ብዬ ነበር። የ3 ዓመት እህቱ ጋ ስደርስ ግን ፈገግታዬ ጠፋ። ነገሩ የእኚህ እናት ብቻም አይደለም። አሜሪካ ያሉ ወላጆችም «ልጄ ከፔት ሾፕ ጊንጥ ግዙልኝ አለ፣ ችግር አለው ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል።

«አይሆንም፣ በቃ» ብዬ ማለፍ እችላለሁ። ግን የ16 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ መልስ አይሰማም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

1. ጊንጥ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?

ጊንጥ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከነፍሳት ወገን አይደለም። ስምንት እግር አለው፤ ዘመዶቹ ሸረሪትና መዥገር ናቸው። በዓለም ላይ ከ2,500 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ቀን ከድንጋይ ሥር፣ ከግንድ ቅርፊት ሥር፣ አንዳንዴም ከጫማ ውስጥ ተደብቆ ይውላል፤ ማታ ለአደን ይወጣል። አንዴ በደንብ ከበላ ለሳምንታት፣ አንዳንዱም ለወራት ሳይበላ መቆየት ይችላል። በአልትራቫዮሌት ባትሪ ስታበሩበት ደግሞ አረንጓዴ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ልጆች ቢወዱት አይገርምም፤ እውነትም የሚደንቅ ፍጥረት ነው።

ሁሉም ጊንጥ መርዝ አለው። ሰውን ለሞት የሚያደርሱት ግን ጥቂት ደርዘን ዝርያዎች ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹም ቡቲዴ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። «ጥቂት» ስል ግን ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። በ2008 በወጣ አንድ የታወቀ ግምት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በጊንጥ ይነደፋል፤ ከ3,000 በላይ ይሞታል። ከሚሞቱት የሚበዙት ሕፃናት ናቸው።

2. ውጭ አገር ሰዎች የሚያሳድጉት የትኛውን ነው?

በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ጊዜ የምታዩት «ኢምፐረር» የሚባለውን ትልቅ ጥቁር ጊንጥ ነው። የትውልድ አገሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው፤ ጋና፣ ቶጎ፣ ቤኒን፣ ናይጄሪያና አካባቢው። እስከ 20 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ ከ6 እስከ 8 ዓመት ይኖራል። ንድፊያው ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ከንብ ንድፊያ ጋር የሚቀራረብ ነው። ከጫካ እየተለቀመ በብዛት ስለተሸጠ ከ1995 ጀምሮ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ያለ ፈቃድ ከአገር አገር ማዘዋወር አይቻልም።

አያያዙ ይህን ይመስላል። ክዳኑ የሚቆለፍ የመስታወት ሳጥን፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው እርጥብ አፈር፣ መደበቂያ፣ ዝቅ ያለ የውሃ ሳህን፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ፌንጣ ወይም በረሮ። ሳጥኑ የሚጸዳውና ምግብ የሚገባው በረጅም ወረንጦ እንጂ በእጅ አይደለም።

ጊንጥ እንደ ውሻ ወይም ድመት ባለቤቱን አይለምድም። ስሙን ብትጠሩት አይመጣም፤ ብታሻሹት ደስ አይለውም። ቪዲዮ ላይ እጃቸው ላይ የሚያስኬዱት ሰዎች «ለምዷቸው» አይደለም፤ ያን ቀን አልነደፋቸውም፣ ያው ነው።

3. «ትልቅና ጥቁር ከሆነ አይጎዳም» እውነት ነው?

ልጁ የሰማው ወሬ ግማሽ እውነት አለው። እንደዚህ ያለ ነገር ደግሞ ከሙሉ ውሸት የበለጠ ያሳስታል።

ባለሙያዎች የሚያዩት ቀለሙን ሳይሆን ቅርፁን ነው። በአብዛኛው መቆንጠጫው ወፍራም፣ ጅራቱ ቀጭን የሆነ ጊንጥ ምግቡን የሚይዘው በጉልበት ነው፤ መርዙ ቀለል ይላል። መቆንጠጫው ቀጭን፣ ጅራቱ ወፍራም የሆነው ግን የሚተማመነው በመርዙ ነው።

ይህ ሕግ ግን የሚያፈርሱት አሉ። በኢራንና በኢራቅ የሚገኝ ሄሚስኮርፒየስ የሚባል ጊንጥ አለ። ሲነድፍ መጀመሪያ ላይ ብዙም አያምም። በኋላ ግን ሥጋን ያበሰብሳል፣ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል፣ ኩላሊትን ያቆማል።

ቀለምና መጠንማ ጭራሽ አያስተማምኑም። በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ በጣም የሚፈራው ሌዩረስ ቢጫ ነው፤ ከጣት ብዙም አይረዝምም። በደቡባዊ አፍሪካ ደግሞ ፓራቡተስ የሚባሉ ትልልቅና ጥቁር ጊንጦች አሉ፤ መርዛቸው አደገኛ ነው፣ አንዳንዶቹም መርዙን ወደ ዓይን ይረጫሉ። የፓራቡተስ ወገን የሆኑ ዝርያዎች አገራችን ውስጥም አሉ። የኢምፐረር ዘመድ የሆኑ፣ መቆንጠጫቸው ወፍራም የሆኑ ትልልቅ ጊንጦችም አሉን። ሁለቱም በቆላማው አካባቢ ይኖራሉ።

እንግዲህ አስቡት። ጓደኛው በሃይላንድ ጠርሙስ ይዞት የሚመጣው የትኛውን ነው? «ትልቅ ጥቁር» የሚለው መልስ አይሆንም። የፔት ሾፑ ጊንጥ ቢያንስ የዝርያ ስም አለው። ከድንጋይ ሥር የተያዘው ግን ስም የለውም። የሐኪሙም ትልቁ ችግር የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

4. መርዙ ሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል?

ነርቮቻችን መልእክት የሚያስተላልፉት የሶዲየም በሮችን በመክፈትና በመዝጋት ነው። የአደገኞቹ ጊንጦች መርዝ በሩ ቶሎ እንዳይዘጋ ያደርጋል። ነርቩ ማረፍ ሲገባው ደጋግሞ ይተኩሳል። በዚህ ምክንያት አድሬናሊንና ሌሎች ኬሚካሎች በሰውነት ውስጥ ይጎርፋሉ።

መጀመሪያ የተነደፈው ቦታ እንደ እሳት ያቃጥላል። ቀጥሎ ላብ፣ ማስመለስ፣ የምራቅ መዝረብረብ ይመጣል። ወንዶች ልጆች ላይ ያለ ምክንያት የብልት መቆም ይታያል፤ ወላጆች ይህን ለመናገር ያፍራሉ፣ ለእኛ ግን ትልቅ ምልክት ነው። ከዚያ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ደም ግፊት ይወጣል። ሲብስ ልብ ይደክማል፣ ሳንባ ውሃ ይቋጥራል፣ ልጁ መተንፈስ ያቅተዋል። የሚገድለውም በአብዛኛው ይሄ ነው።

ሕፃናትን ለምን ይበልጥ ይጎዳል? ጊንጡ ለትንሽ ልጅ ብሎ መርዙን አይቀንስም። አንድ ዓይነት መጠን ያለው መርዝ 70 ኪሎ የሚመዝን አባትና 12 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ውስጥ ቢገባ፣ ለእሷ በኪሎ ሲሰላ ወደ 6 እጥፍ ገደማ ነው። ወንድሟ «ትንሽ አቃጠለኝ» ብሎ የሚያልፈው ንድፊያ እሷን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሊያስገባት ይችላል። ምን እንደነደፋትም መናገር አትችል ይሆናል። ታለቅሳለች፣ በቃ።

5. ማራባቱስ?

ወንዱ ሴቷን በመቆንጠጫዋ ይዞ ወዲያ ወዲህ እየሄዱ የሚጨፍሩ ይመስላሉ። ከዚያ የዘር ከረጢቱን መሬት ላይ ያስቀምጥና እሷን በላዩ ይጎትታታል። ሲጨርስ ቶሎ ካልሸሸ አንዳንዴ ትበላዋለች።

ጊንጥ እንቁላል አይጥልም፤ በሕይወት ይወልዳል። እርግዝናው እንደ ዝርያው ከጥቂት ወራት እስከ ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል። የኢምፐረር እርግዝና 7 ወርና ከዚያ በላይ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 30 ያህል ትወልዳለች። ልጆቹ ነጭ ሆነው ይወለዱና እናታቸው ጀርባ ላይ ይወጣሉ። የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪቀይሩ እዚያው ይቆያሉ፤ ከዚያ እየወረዱ ይበተናሉ። በዚህ ጊዜ እናቲቱን መረበሽ ልጆቿን እንድትበላ ሊያደርጋት ይችላል።

አሁን ከጤና አንጻር እንየው።

ከዱር የተያዘች ሴት ጊንጥ ስትመጣ አርግዛ ሊሆን ይችላል። ልጁ «ሁለት ብቻ ናቸው» ብሎ ያስገባው ሳጥን አንድ ጠዋት ላይ 30 ሊሆን ነው። ትልቁን ጊንጥ የሚያግደው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ደግሞ ጨቅላውን አያግደውም። የጠፋ ትልቅ ጊንጥ ተፈልጎ ይገኛል። ከ30 ጨቅላ አምስቱ ቢጎድሉ ግን ማን ይቆጥራል? ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ጉዳዩ የእናንተ ቤት ብቻ አይደለም፤ የጎረቤትም ነው።

ይህን የምለው ላስፈራራ አይደለም። ብራዚልን ተመልከቱ። እዚያ ቲትዩስ ሴሩላተስ የሚባል ቢጫ ጊንጥ አለ። ሴቷ ያለ ወንድ ትራባለች፤ አንዲት ሴት ብቻዋን አንድ ሰፈር መሙላት ትችላለች ማለት ነው። የከተማ ፍሳሽ መስመር ውስጥ በረሮ እየበላ ተስፋፍቷል። ዛሬ ብራዚል ውስጥ በዓመት ከ100 ሺህ በላይ የጊንጥ ንድፊያ ይመዘገባል። የእኛዎቹ ሁሉ እንዲህ ይራባሉ ማለቴ አይደለም። የአዲስ አበባ ብርድም ለቆላ ጊንጥ ይከብደው ይሆናል። ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ ሰመራ ላላችሁ ግን ብርዱም አይጠብቃችሁም።

6. «መርዙ በሚሊዮን ዶላር ይሸጣል» የሚባለውስ?

ኢንተርኔት ላይ «አንድ ጋሎን የጊንጥ መርዝ 39 ሚሊዮን ዶላር» የሚል ወሬ ይዞራል። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው።

ከአንድ ሌዩረስ በአንድ ጊዜ የሚገኘው መርዝ ቢበዛ 2 ሚሊግራም ነው። አንድ ግራም ለማግኘት 500 ጊዜ ማለብ አለባችሁ። አንድ ጋሎን 3.8 ሊትር ገደማ ስለሆነ ወደ 1.9 ሚሊዮን ጊዜ ማለት ነው። እያንዳንዷ ማለቢያ ደግሞ የመነደፍ ዕድል ናት።

መርዙ ለምርምር እንደሚፈለግ አልክድም። ከሌዩረስ የተገኘ ክሎሮቶክሲን የሚባል ንጥረ ነገር ለአንጎል ዕጢ ሕክምና ሲጠና ቆይቷል። ግን ላቦራቶሪ የሚገዛው ዝርያው ከተረጋገጠ፣ በንጽሕና ከተሰበሰበና ሰነድ ካለው ቦታ ነው። ከመኝታ ቤት በሲሪንጅ የተቀዳ ነገር ማንም አይገዛችሁም። በዚህ ንግድ ገንዘብ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ጊንጡን ለእናንተ የሚሸጠው ሰው ነው።

7. ከተነደፋችሁ (የትም ይሁን)

ይህን ክፍል ጊንጥ ማሳደግ የማታስቡም አንብቡት። ቆላ ለሥራ ወይም ለጉብኝት የምትሄዱ በተለይ።

✅ ተረጋጉ፤ የተነደፈውን አካል ብዙ አታንቀሳቅሱ።
✅ ቀለበትና አምባር ቶሎ አውልቁ፤ እብጠት ይከተላል።
✅ በውሃና በሳሙና እጠቡት።
✅ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ 10 ደቂቃ ያዙበት፣ አንሱ፣ ድገሙ። በረዶውን በቀጥታ ቆዳ ላይ አታድርጉ።
✅ ለሕመሙ ፓራሲታሞል መውሰድ ይቻላል፤ ለልጅ በክብደቱ ልክ።
✅ ከተቻለ የጊንጡን ፎቶ ከሩቅ አንሱ። ለመያዝ ብላችሁ ሁለተኛ ሰው አታስነድፉ።
✅ የቴታነስ ክትባታችሁን ጤና ተቋም ጠይቁ።

❌ በምላጭ አትብጡ።
❌ በገመድ ወይም በነጠላ ጥብቅ አድርጋችሁ አትሰሩ።
❌ በአፍ አትምጠጡ፤ ጋዝ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ጥቁር ድንጋይ እየሞከራችሁ ሰዓት አትግደሉ።
❌ አልኮል አትጠጡ።

መቼ ነው ሆስፒታል? የተነደፈው ልጅ ከሆነ ምልክት ሳትጠብቁ ወዲያው ሂዱ። አዛውንት፣ ነፍሰ ጡርና የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎችም እንደዚሁ። ጤነኛ አዋቂ ላይ ደግሞ ማስመለስ፣ ከፍተኛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የልብ መምታት፣ የዓይን መቅበዝበዝ፣ መንቀጥቀጥ፣ የፊት ማበጥ ወይም ሰውነት ላይ ሽፍታ ከታየ አትዘግዩ። ምንም ባይታይም ቢያንስ ለ6 ሰዓት ብቻውን አትተዉት። ንድፊያ ለአንዳንድ ሰው እንደ ንብ ሁሉ አደገኛ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል፤ «ቀለል ያለ መርዝ» የሚባለውም ጊንጥ ቢሆን።

8. ሆስፒታል ምን ማድረግ ይችላል?

ደስ የሚለው ነገር፣ በጊዜ ከደረሳችሁ ብዙ ማድረግ ይቻላል። ሕንድ ውስጥ ማሃድ በምትባል ትንሽ ከተማ የሠሩት ዶክተር ሂማትራኦ ባዋስካር ፕራዞሲን የተባለ ርካሽ የደም ግፊት መድኃኒት ልብንና ሳንባን ከዚህ መርዝ እንደሚታደግ አሳይተዋል። በከባድ ሁኔታ ከሚታመሙት 40 በመቶ ያህሉ ይሞቱ የነበረበት አካባቢ ሞቱ ወደ 1 በመቶ ገደማ ወርዷል። (መድኃኒቱ የሚሰጠው በሐኪም ክትትል ነው። ቤት ውስጥ በራሳችሁ እንዳትሞክሩት፣ ግፊት አውርዶ ሊጥላችሁ ይችላል።)

የመርዝ ማርከሻም አለ። በ2009 አሜሪካ ውስጥ በከባድ ሁኔታ በተነደፉ 15 ልጆች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ማርከሻውን ያገኙት 8ቱም በ4 ሰዓት ውስጥ ምልክቶቹ ጠፉላቸው፤ ካላገኙት 7 ልጆች ግን አንዱ ብቻ። ማርከሻው በ2011 እዚያው አገር ፈቃድ አግኝቷል።

ግን ልብ በሉ፤ ማርከሻ የሚሠራው ለተወሰኑ ዝርያዎች ነው። የአሪዞናው ማርከሻ ለአሪዞናው ጊንጥ ነው። ከሌላ አህጉር በኢንተርኔት የተገዛ ጊንጥ ሲነድፋችሁ፣ ቨርጂኒያም ሁኑ ስቶክሆልም፣ የሰፈራችሁ ሆስፒታል ማርከሻው ላይኖረው ይችላል። ጊንጡ አውሮፕላን ተሳፍሮ መጥቷል፤ መድኃኒቱ ግን አብሮት አልመጣም።

9. ውጭ አገር ላላችሁና ቀድሞ ቤታችሁ ለገባ

— የዝርያውን ሙሉ ሳይንሳዊ ስም ሳጥኑ ላይ ለጥፉ። ስሙን ካላወቃችሁ እንደ አደገኛ ቁጠሩት።
— ክዳኑን ቆልፉ፤ ቁልፉ ከልጆች እጅ ይራቅ። ከ5 ዓመት በታች ልጅ ያለበት ቤት ግን የኔ ምክር አንድ ነው፤ አይግባ።
— በእጅ አትንኩ። ከጠፋ መብራት አጥፍታችሁ በአልትራቫዮሌት ባትሪ ፈልጉ። ቆዳውን ገና የቀየረ ጊንጥ ግን በደንብ አያበራም፤ «አላየሁትም፣ ስለዚህ የለም» አትበሉ።
— የምትኖሩበት ግዛትና አከራያችሁ ይፈቅዱ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።
— ስልክ፦ አሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከል 1-800-222-1222፤ አውሮፓ 112፤ እስራኤል 101፤ ሳዑዲ 997፤ ኤምሬትስ 998፤ እኛ ጋ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907።

አረብ አገር ያላችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እናንተ ጋ ሌዩረስ ቤት ሳይጠራ ይመጣል። ጫማና ልብስ ከመልበሳችሁ በፊት አራግፉ፤ ማታ በባዶ እግር ግቢ አትውጡ። በዐረብኛ ጊንጥ «ዐቅረብ» ነው፤ ከኮከብ ቆጠራችን «አቅራብ» ጋር አንድ ቃል ስለሆነ አትረሱትም። ስልክ ስትደውሉ ይህቺ አንዲት ቃል ትበቃለች።

10. ለጠየቁኝ እናት

እናቴ፣ መልሴ ግልጽ ነው። ዝርያው ያልታወቀ፣ ከዱር የተያዘ ጊንጥ የ3 ዓመት ልጅ ያለችበት ቤት አይግባ። አንድም፣ ሁለትም። ጓደኛውም እንዳይዘው ዛሬውኑ ይደወልለት፤ ሲይዘው ሊነድፈው ይችላልና። ምናልባት ቀድሞ መጥቶ ከሆነ ሳጥኑን አትክፈቱ፤ ሽንት ቤት ወይም የግቢ ፍሳሽ ውስጥም አትጣሉት። የዱር እንስሳ ጉዳይ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ እዚያ ጠይቁ።

አንተ ደግሞ ወንድሜ፣ ይህን እያነበብክ ከሆነ፣ ጉጉትህን አልጠላሁትም። የሚገርም ፍጥረት መርጠሃል። አራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም አለልህ፤ እሱን ጎብኝ። ባዮሎጂ በርትተህ አጥና። መርዝ የሚያጠና ሰው አገራችን ያስፈልጋታል። አንድ ቀን ጓንት አድርገህ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ስሙን የምታውቀውን ጊንጥ ታልበዋለህ። እህትህ ግን አሁን 3 ዓመቷ ነው። እሷ ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ አታውቅም፤ መክፈት እንደሚቻል ብቻ ነው የምታውቀው።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ቆላ ለሚሄድ ወይም አረብ አገር ላለ ወዳጃችሁ ደግሞ ቁጥር 7ን ሼር አድርጉለት።